ዘጠነኛው ትምህርት የማን ነው

ሰኞ፣ ሰኔ 1 ቀን 2012

ስምንቱ ትምህርቶች በራሳቸው በጋሼ ይርጋ እጅ የተጻፉ ናቸው። ዘጠነኛው አይደለም፤ ችግሩም እሱ ነው።

ሂሩት ዛሬ ጠዋት ከአል ዐይን ደወለች። የአባቷ የጋሼ ይርጋ አርባ የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ሰው መሰብሰብ ስለማይቻል ቤት ውስጥ በጥቂት ሰው ጸሎት ይደረጋል። እሷ ግን አንድ የሚቀር ነገር ትፈልጋለች። ጋሼ እዚያው አል ዐይን፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር ባለው ቤቷ ሳሎን ዓርብ ዓርብ ሦስት ዓመት ያስተማሩትን የያዘች ትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም አስባለች። አስታማሚ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ይመጡ ነበር። እኔና ባለቤቴ ግርማም በወር አንዴ ከምንኖርበት ከአቡዳቢ እየነዳን እንሄድ ነበር። ትምህርቱ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። የጥንት ግሪካዊ ፈላስፋ ነው፤ ዐረቦች «የመጀመሪያው መምህር» ይሉታል። ጋሼ ግን «ሰውዬው» ነው የሚሉት፣ ጎረቤታቸው ይመስል።

ሂሩት እንዲህ አለችኝ፦ «ሰብልዬ፣ የአባዬን አጻጻፍ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የሱ ያልሆነ ነገር በስሙ እንዳይወጣ።»

እውነት ነው። አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ስሠራ የሳቸውን ዓምድ ስድስት ዓመት አርሜያለሁ።

ዘጠነኛው ትምህርት ያለው በዘሃራ ደብተር ብቻ ነው። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፣ እዚያው አል ዐይን፣ አል ሂሊ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። ከመጋቢት ጀምሮ አሠሪዋ ማዳም ከግቢ አታስወጣትም። ጋሼ ታመው በነበሩበት ወቅት ዓርብ ዓርብ በስልክ እንዳስተማሯት ትናገራለች። ሌላ የሰማ የለም። የትምህርቱ ርእስ ደግሞ፣ ከሰውዬው ተረፉ ከሚባሉት ጽሑፎች የትኞቹ በእርግጥ የሱ ናቸው የሚል ነው። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ለሂሩት ግን አልነገርኳትም።

ላደርግ የሚገባኝ፦ ስምንቱን መተየብ። ዘጠነኛውን መመርመር። በሚቀጥለው ሐሙስ ለማተሚያ ቤት መላክ። ከከተማ ከተማ ያለ ፈቃድ መሄድ ስለተከለከለ ሁሉም በፎቶ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ሂሩት የዘሃራን ደብተር አራት ገጽ አስተላለፈችልኝ። ስድስት ነው አሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ገና አልተላኩም። ጽሕፈቷ ጥርት ያለ ነው። ወረቀቱ ጥግ ላይ ቡናማ የካውያ ምልክት አለ።

ይዘቱ ትክክል ነው። ሰውዬው ለሕዝብ ብሎ ያሳመራቸው ጽሑፎች ጠፍተዋል። የደረሱን ለማስተማሪያ የተዘጋጁ የሚመስሉት ናቸው፣ ደረቅና የተቆራረጡ። ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ሰው ሰብስቦ ቅደም ተከተል አበጀላቸው። በስሙ ከሚጠሩት ውስጥ አንዳንዶቹ የሱ አይደሉም፣ አንዳንዶቹም እስካሁን ያከራክራሉ። በዐረብኛ ለዘመናት በስሙ ሲነበብ የኖረ አንድ መጽሐፍ ምንጩ የሌላ ፈላስፋ ሆኖ ተገኝቷል። ከግብፅ አሸዋ የወጣ አንድ ጽሑፍ ደግሞ የሱ ይሁን የተማሪው አልለየም።

ይህን ሁሉ ጋሼ ያውቁት ነበር። አነጋገሩ ግን እንዲህ ነው፦

«እንግዳ ሲመጣ የሚያየው ሳሎኑን ነው። የሰውዬው ሳሎን ተቃጥሏል። የቀረልን ጓዳው ነው። የቤቱን ነገር የሚያውቅ ግን ጓዳ የገባ ነው።»

ደግሞም፦

«ስም ያለበት ሁሉ የባለ ስሙ አይደለም። ዩኒፎርሙ አንገት ላይ የትልቁ ልጅ ስም ተጽፏል፣ ዛሬ የሚለብሰው ግን ትንሹ ነው።»

ጥሩ ነው። ቀናሁ ማለት ይቻላል። የጋሼ ይርጋ ግን አይመስልም። የሳቸው ዐረፍተ ነገር ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። «ስለሆነም» የምትለዋን ቃል በአንድ ገጽ አራት ጊዜ ይጽፏታል፤ እኔ ሁለቱን አወጣባቸው ነበር። እዚህ አንድም የለችም። ምሳሌያቸው ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት ነው። ጓዳና ዩኒፎርም አይደለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ግርማ አውሮፕላን ጠጋኝ ነው። አውሮፕላኖቹ ስለቆሙ ቤት ውስጥ ያልፈታው ዕቃ የለም፤ ዛሬ የልብስ ማጠቢያውን ሆድ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶት ነበር። ስለ ደብተሩ ነገርኩት።

«እኛ ጋ» አለ፣ «ወረቀት የሌለው ዕቃ አይገጠምም። አዲስ ቢሆንም፣ ቢያብረቀርቅም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነካው ካልተጻፈ ወደ ቁም ሳጥን ነው።»

«ማጠቢያው ወረቀት አለው?»

«እሱ አይበርም።»

ከሰዓት ለሂሩት ደወልኩ። በኔ ግምት ዘጠነኛው የጋሼ አይደለም፣ ከቀደሙት ትምህርቶች የሰማችውን ይዛ ዘሃራ የጻፈችው ነው፣ አይካተት አልኳት። ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል ዘረዘርኩ። ጥሩ አድርጌ እንደተናገርኩ ተሰማኝ። ይህን የምጽፈው በኋላ እንዳልረሳው ነው።

ሂሩት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፦ «እኔም ገብቶኝ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እኔን እኮ ውሃ ስጪኝ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊው ከማለት በቀር አያዋራኝም ነበር። ይደክመዋል እያልኩ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ከሷ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ ነበር ልበል?»

ስልኩስ ብዬ ጠየቅኳት። የይለፍ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም። ቢከፈትም መደዋወላቸውን እንጂ የተባባሉትን አያሳይም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ዘሃራ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሂሩት ነግራታለች። ከኋላዋ የቫኪዩም ጩኸት ይሰማል። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦

«እትዬ ሰብለ፣ ሰላም ነዎት? ግርማስ ደህና ናቸው? ሰማሁ። ያውጡት፣ ኸላስ፣ አልከፋም። መጽሐፍ ላይ ልውጣ ብዬ አይደለም። ግን አንድ ነገር፦ ሂሩት ‹ከራስሽ ነው የፈጠርሽው› አለችኝ። ወላሂ በጋሼ አልዋሽም። እሳቸው ሞተዋል፤ እሳቸው ናቸው ያሉት ብዬ ከዋሸሁ ማን ይመልስልኛል? መጽሐፉን ተዉት። ዋሽታለች የሚለውን ብቻ አንሡልኝ።»

ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ዋሽታለች አላልኩም። ያልኩት ግን ከዚያ ሌላ ምን ማለት ሊሆን ይችላል?

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ትምህርት የሌለበት ስንተኛው ዓርብ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ልብስ ሳጣጥፍ ድንገት የጋሼ ድምፅ መጣብኝ። አል ሙዋይጂ ሳሎን፣ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ያለችው ወንበራቸው ላይ ሆነው፦

«ብዕሩን አስቀምጡት። ቃሌን አትጻፉ። የገባችሁን ነው የምትጽፉት።»

ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ። አንድ ነገር ያስረዱና ከተማሪዎቹ አንዱን ይይዛሉ። «አሁን አንቺ በዪው።» የተያዘው ሰው በራሱ ቃል ሳይደግመው ወደ ሌላ አይሻገሩም። ቃላቸውን እንዳለ የደገመ ሰው «እሱን እኔ ብዬዋለሁ፣ ያንተን አምጣ» ይባላል። አንዴ አንድ ሾፌር ስለ መንስኤና ውጤት በራዲያተር አስረድቶ ጋሼን እንባ እስኪያወጣቸው አስቋቸዋል። «ትክክል ነው» አሉ፣ «ሰውዬውም ቢሰማህ መኪና ይገዛ ነበር።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። እኔንም ይዘውኛል። ታዲያ የራሳቸው ቃል በተከለከለበት ደብተር ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ «ስለሆነም» ስፈልግ ከረምኩ።

ይህ ግን ትምህርቱ የሳቸው መሆኑን አያረጋግጥም። የኔ መመዘኛ ዋጋ ቢስ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሌላም አለ። ስድስት ገጽ እንዳለ እያወቅኩ በአራት ገጽ ፈረድኩ። በሥራ ዘመኔ ግማሽ ጽሑፍ አንብቦ የሚፈርድ ጀማሪ ሲያጋጥመኝ ወንበሩን አስለቅቀው ነበር። ለዘሃራ የቀሩትን ሁለት ገጾች እንድትልክልኝ ጻፍኩላት። አላነበበችውም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

መልስ የለም። ስድስተኛውን ትምህርት ተየብኩ። ሙቀቱ የመስኮቱን መስታወት አያስነካም። ግርማ ማጠቢያውን ገጣጥሞ አንድ ቡሎን ተረፈው፣ ቡሎኗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

እሑድ፣ ሰኔ 7

አምስተኛውና ስድስተኛው ገጽ መጡ። ያለ ሰላምታ፣ ያለ ቃል። አምስተኛው ገጽ መሃል ላይ እንዲህ ይላል፦

«ሰውዬው ሲያስተምር ሰሌዳው ሙሉ ነበር። ሰሌዳው ተጠርጓል። እኛ የምናነበው፣ ልጁ ሰሌዳውን ተደግፎ ሲወጣ እጅጌው ላይ የቀረውን ጠመኔ ነው። ስለዚህ ልብሱን የሚያጥብ ሰው ሳያራግፍ በፊት ይየው።»

ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ነገሩ ይህ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ጋዜጣው ወደ ማተሚያ ሊሄድ ሲል አንድ ማስታወቂያ መጣ። ከጋሼ ዓምድ ዐሥራ ሁለት መስመር መውጣት ነበረበት። ጊዜ ሲያጥር የምናደርገውን አደረግኩ፦ ከታች ቆረጥኩ። የቆረጥኩት አንቀጽ የተጠረገው ሰሌዳና እጅጌ ላይ የቀረው ጠመኔ ነበር። በማግሥቱ ጋዜጣውን ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ሰብለ፣ ሰውዬውን እግሩን ቆርጠሽ ነው ያቆምሽው።»

«ጋሼ፣ ቦታ ሲጠብ ከታች ነው የሚቆረጠው። ደንቡ ነው።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ዋናውን ነገር ላይ አደርገዋለሁ» ብለው ሳቁ። አላደረጉትም፤ እስከ መጨረሻው ዋናውን ነገር ከታች ያስቀምጡ ነበር።

አንቀጹ የትም አልታተመም። ረቂቁም ተጥሏል። ዘሃራ ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች። ሰሌዳውንና እጅጌውን ከጋሼ አፍ በቀር ከየትም ልታገኘው አትችልም። አጣቢዋ ግን በጋሼ አንቀጽ ውስጥ አልነበረችም። እሷ የዘሃራ ናት።

ልጠንቀቅ። ትዝታ ማስረጃ አይደለም፣ በተለይ የኔ። ደግሞም የሚያሳየው ሐሳቡ የሳቸው መሆኑን ነው፣ ቃሉ የሳቸው መሆኑን አይደለም። ለመጽሐፉ ይበቃል ወይ? ለዘሃራ ግን ይበቃል።

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ለሂሩት ደወልኩ። ተሳስቻለሁ አልኳት። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ይህን ቃል ማስቀደም እንዳለብኝ አስቤበት ነበር። የተቆረጠውን አንቀጽ ነገርኳት። «አሁን አንቺ በዪው» የሚለውንም አስታወስኳት።

«ስለዚህ አዋርቷታል» አለች።

«አዋርተዋታል።»

«እኔን ሳይሆን።»

  እንዲህ አልኳት፦ «አንቺ ትራስ ታነሺ ነበር። እሷ ተማሪ ነበረች። ምናልባት ተማሪ ፊት መታመም አልፈለጉም ይሆናል።»

«ምናልባት ነው ያልሽው።»

«ምናልባት ነው።»

ዘሃራን ይቅርታ ጠይቂልኝ አላለችኝም። ስልኩንም አልዘጋችብኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

በኤሚሬቱ ውስጥ ከከተማ ከተማ መሄድ ተፈቅዷል። ነገ አል ዐይን እንሄዳለን። ለዘሃራ ጻፍኩላት። መልስ፦ «ማዳም በር ላይ ዐሥር ደቂቃ ብላለች። ጠዋት።»

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ከአቡዳቢ በጠዋት ተነሣን። አል ሂሊ ስንደርስ ፀሐዩ ግድግዳውን አንጥቶታል። በግንቡ ላይ የተምር ዛፎች ይታያሉ፣ ፍሬው ገና ቢጫ ነው። ግርማ መኪናው ውስጥ ቀረ።

ዘሃራ የብረቱን በር ገርበብ አድርጋ ወጣች። ማስክ፣ ጓንት፣ ጥቁር ሻርፕ። ከስታለች። ሰላምታ ለመስጠት ሁለታችንም እጅ ዘረጋን፣ ሁለታችንም ሰበሰብን።

«እትዬ ሰብለ፣ ወፍረዋል» አለች።

«ቤት ተቀምጬ ነው።»

«እኔም ቤት ነኝ፣ የኔው ሥጋ የት ሄደ?»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ነገሩን ሳላሳጥር፣ በአራት ገጽ መፍረዴን ጨምሬ። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ። ከዚያ ስልኩን እንዴት ታደርገው እንደነበር አሳየችኝ። ዓርብ ማዳም ስትተኛ ልብስ ትተኩሳለች፤ ስልኩን በሻርፗ ውስጥ ጆሮዋ ላይ ትሸጉጠዋለች። ጋሼ ይናገራሉ፣ ያርፋሉ፣ «አሁን አንቺ በዪው» ይላሉ። ትላለች። ካውያውን ታቆምና እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትጽፋለች።

«አንዴ የባባን፣ የማዳምን ባል፣ ነጭ ከንዱራ ቀሚስ አቃጥያለሁ» አለች። «ለጋሼ ስነግራቸው ‹የፍልስፍና መሥዋዕት ነው› አሉኝ። ማዳም ግን ፍልስፍና አልገባትም።»

ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ቢያወጡኝም ያውጡኝ። ስድስተኛው ገጽ፣ የመጨረሻው ግማሽ፣ እሱ የኔ ነው። በዚያ ዓርብ በጣም ደከማቸው። ‹ቀሪውን አንቺ ጨርሺው፣ በሚቀጥለው ታነቢልኛለሽ› አሉኝ። ጨረስኩት። ዓርብ ስደውል አላነሡም።»

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹ፈጥረሻል ወይ› ነው የተባልኩት። ‹የትኛው ያንቺ ነው› ያለኝ የለም።»

ደብተሩን አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ፣ የሷ የሚጀምርበትን መስመር አሳየችኝና መልሳ ወሰደችው። ከውስጥ ማዳም ተጣራች፣ ክፉ ድምፅ አልነበረም። ዘሃራ አንድ ኪሎ የሚሆን ተምር በፕላስቲክ ሰጠችኝ። «ያለፈው ዓመት ነው። ማዳም ናት የላከችው።»

ከዚያ አል ሙዋይጂ ሂሩት ቤት ሄድን። በሩ ላይ ቆመን አወራን። የጋሼ ወንበር ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር አልተነሣም። ዘሃራ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳት፣ ደብተሩን በእጄ መያዜን ጭምር። የመጨረሻውን ግማሽ ገጽ በስልኬ ከፍቼ ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝ። 

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

የማተሚያ ቤቱ ሰው በጠዋት ደወለ። አርባ ስምንት ገጽ ነው የተስማማነው፣ ጽሑፉ ግን በግማሽ ገጽ ተርፏል። ገጽ በአራት በአራት ስለሚታጠፍ ግማሽ ብቻ መጨመር አይቻልም። ከመጨረሻው ትንሽ ይቀነስ አለ። ሙያው ነው፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ያልኩት እሱን ነው።

ከመጨረሻ ያለው የዘሃራ ግማሽ ገጽ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሰውዬው ሰው እንዲያይለት ያሳመረው ጠፋ። ለማስተማር በችኮላ የጻፈው ቀረ። እኔ እንደገባኝ፣ ከሰው የሚቀረው ሊያሳየን የፈለገው ላይሆን ይችላል። ጋሼ ያሳመሩትን ትምህርት ብዙውን ረስቼዋለሁ። የቀረልኝ ‹አሁን አንቺ በዪው› የሚለው ነው። ይኸው እያልኩት ነው። ልክ መሆኑን የሚነግረኝ ግን የለም።»

እኔ አንድ ገጽ መግቢያ ጽፌ ነበር። ስለ ጋሼ ዓምድ፣ ስለ ጋዜጣው፣ ስለ ምርመራዬ። እሱን ከታች ጀምሬ ግማሹን ቆረጥኩት። ስሜ ያለው ከታች ስለነበር አብሮ ሄደ። ሌላውን አልነካሁም። ከዘጠነኛው ትምህርት ርእስ ሥር «ጋሼ ይርጋ እንዳስተማሩት፣ ዘሃራ እንደጻፈችው» ብዬ ጨመርኩ። ከመጨረሻው ግማሽ ገጽ በላይ ቀጭን መስመር አሰመርኩና «ከዚህ በታች ያለው፣ በመምህሯ ትእዛዝ፣ የዘሃራ ነው» አልኩ። ፋይሉን ለሂሩት ላክሁላት፣ ሳታየው ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም።

ከምሳ በኋላ ደወለች።

«መስመሩ ይኑር» አለች። «አባዬም ቢሆን ይህ የኔ፣ ይህ ያንቺ ይል ነበር።»

«ወደ ማተሚያ ቤት ልላከው?»

«ላኪው።» ቀጥላም፦ «ሰብልዬ፣ ቅዳሜ በአባዬ አርባ ላይ የሚነበበው ያቺ ግማሽ ገጽ ናት። እኔ ሞክሬ ነበር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ ይሄዳል። ራሷ መጥታ ብታነበው ይሻላል። ደወልኩላት።»

«ምን አለችሽ?»

«መጀመሪያ ‹እኔ?› አለች። ከዚያ ‹ማዳምን ልጠይቅ› አለች።»

ፋይሉን ላክሁት። አሁን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ማዳም መልስ አልሰጠችም።